ቃሬዛው ከወርካው የወረደበት ቀን

አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ትልቅ ገደል ሥር በተዘረጋ ሜዳ ላይ የሚኖሩ እንስሳትና አራዊት ተሰባስበው የቃሬዛ ማኅበር አቋቋሙ። ያቋቋሙትም ከቀብር መልስ ነው። በዚያ ዓመት ክረምት ድኩላ እግሩ ተሰብሮ ሦስት ቀን ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ነበር። መድኃኒት የምታውቀው አሮጊቷ ዝንጀሮ የምትኖረው ከገደሉ አናት ላይ ነው፤ እርጅና ጉልበቷን ስለያዘው ወደ ሜዳው መውረድ አትችልም። ድኩላን ወደ እርሷ የሚያወጣው ግን ጠፋ። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ፣ ያኛውም ይኸኛውን ሲጠብቅ፣ ድኩላ ሞተ። የቀበሩት ዕለት ሁሉም አፍረው ተቀመጡ፤ ቀና ብሎ ሌላውን ያየ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከርከሮ ሁለት ረጃጅም የወይራ እንጨቶች ጎትቶ አመጣ። ጦጣ የግራር ልጥ ልጣ፣ ፈትላ፣ በእንጨቶቹ መካከል ጠላለፈችው። አራት ሆነው የሚሸከሙት ጠንካራ ቃሬዛ ሆነ። ሕግም አወጡ። በቃሬዛው ላይ የተኛውን ማንም አይነካውም፤ ሥጋ በሊታ ቢሆንም፣ ቢርበውም። ተራ የደረሰው ቀርቶ ሌላ አይልክም። ቃሬዛው ከሜዳው መካከል ባለው ወርካ ላይ ተሰቅሎ ይቀመጣል፤ ለታመመ ካልሆነ በቀር አይወርድም።

ጠባቂ እንድትሆን የተመረጠችው አህዪት ናት። አህዪት ፈሪ ነበረች፤ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ካላየች አታምንም። በየማለዳው ወደ ወርካው ትሄድና ልጡ ላልቶ እንደሆነ በጥርሷ ሳብ አድርጋ ትሞክራለች፤ እንጨቱን ምስጥ ጀምሮት እንደሆነ ዙሪያውን ታያለች። ከርከሮ በዚያ ባለፈ ቁጥር ይቀልድባታል። «እመት አህዪት፣ ዛሬስ ደህና አደረ ወይ? ብርድ አልመታውም?» ይላታል። እርሷም ደህና እንዳደረ ትነግረውና ትመለሳለች። በዚያ ዓመት ሰባት ታማሚዎች በቃሬዛው ገደሉን ወጡ። ስድስቱ በእግራቸው ተመለሱ።

ማኅበሩ እየጠነከረ ሲሄድ ጨዋታውም አብሮ መጣ። በየወሩ ከወርካው ሥር እየተሰበሰቡ ሁሉም ያለውን ይዞ ይመጣና አብረው ይበሉ ነበር። አያ ጅቦ ቀድሞ ይመጣል፣ መጨረሻ ይሄዳል፤ በመካከሉ ምን እንደሚባል ግን አይሰማም። ነገር የሚያውቀው፣ አንደበቱም የተፈታው አያ ቀበሮ ደግሞ የድግሱና የመዋጮው ኃላፊ ሆነ።

አንድ ቀን ቀበሮ በስብሰባው ላይ ተነሣና አንድ ሐሳብ አቀረበ። ገደሉ ወገብ ላይ ታማሚና ተሸካሚ ከዝናብ የሚጠለሉበት ዳስ ያስፈልጋል አለ። ሁለተኛ ቃሬዛም ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን መዋጮ ለማሰባሰብ ከሁለቱ ኮረብታዎች ማዶ፣ ከወንዙ ዳር፣ አንድ ቀን ሙሉ ሽርሽር እንውጣ፤ ጌታው አንበሳም በክብር ይጠሩ አለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሁሉም ወደደው፤ አህዪትም ወደደችው።

«ጌታው አንበሳ ግን ያላዩትን ነገር አይረዱም» ሲል ቀበሮ ቀጠለ። «ቃሬዛውን ይዘን እንሂድ። አንዱ እንደ ታማሚ ይተኛና ተሸክመነው በፊታቸው እንለፍ።»

አያ ጅቦ ከተኛበት ቀና አለ። «የሚተኛው ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀ።

«ምንም አያደርግም። ይተኛል፣ ያቃስታል፣ ያጎርሱታል።»

«እንግዲያው እኔ ታምሜአለሁ» አለ አያ ጅቦ።

ሁሉም ሳቀ። አህዪት ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ ሕጉን አስታወሰች። ጎረቤቷ ሚዳቋ ልትወልድ ቀኗ እንደተቃረበም ተናገረች። ሚዳቋ ባሏን ነብር የበላባት ብቸኛ ናት፤ ሆዷም እንዲያው አለቅጥ ተልቆ ነበርና ወደ ዝንጀሮዋ መውጣት ግድ ሊሆንባት ይችላል። አህዪት ይህን ሁሉ ያለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

ቀበሮ አልተቆጣም። ወደ እርሷ ጠጋ ብሎ በፍቅር አናገራት። «እመት አህዪት፣ ለአንድ ቀን እኮ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ ሁሉ ጓደኛሽ እጁን አውጥቶ አንቺ ብቻ እንቢ ስትይ ምን ይባላል?»

አህዪት ዙሪያዋን አየች። የሁሉም ዓይን እርሷ ላይ ነበር። ሚዳቋን ልጠይቃትና እርሷ ካለች ይሁን ብላ ተቀመጠች።

የሽርሽሩ ዕለት ማለዳ ወደ ሚዳቋ ሄደች። ሚዳቋ ከቁጥቋጦው ሥር ተኝታለች፤ እንደ ልማዷ ብድግ ብላ አልተቀበለቻትም። ከፊቷ ያለው ለምለም ሣር አልተነካም።

«እንዴት አደርሽ የኔ እናት? ሰውነትሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ። ገና ሳምንት ይቀረኛል» አለች ሚዳቋ። «ሂጂ፣ እኔን ብለሽ ከማኅበር አትቅሪ። ጅግራም እዚሁ አጠገቤ አለች።»

አህዪት ያልተበላውን ሣር አይታዋለች። ነገር ግን መስማት የፈለገችውን ሰምታ ነበርና ሌላ አልጠየቀችም። ወደ ወርካው ሄዳ ቃሬዛውን አወረደች። ስታወርደው በየመሐሉ ቆም ትል ነበር፤ ከርከሮም ይህን አይቶ ሸክሙ ከብዷት መስሎት አገዛት።

ወንዙ ዳር ሽርሽሩ ደመቀ። ንብ የሰጠችው ማር፣ ጦጣ የለቀመችው ፍሬ፣ ከርከሮ የቆፈረው ሥራ ሥር በየቅጠሉ ላይ ተዘረጋ። ጌታው አንበሳ ከትልቁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አያ ጅቦ ቃሬዛው ላይ ተጋደመ፤ ማቃሰቱን አንድ ጊዜ ሞከረና መብላቱን ያዘ። ያጎረሱትን ሲጨርስ ደግሞ ይጠይቃል፤ ታማሚ አይከለከልም እያለ የጎረቤቱንም ያስመጣል። ከርከሮና ሦስት ጓደኞቹ ተሸክመውት በአንበሳ ፊት አንድ ጊዜ አለፉ። ሕዝቡ ወደደው። እንደገና አለፉ። ሦስተኛ እንዲዞሩ ሲጠየቁ አያ ጅቦ የአጋዘን ጉልጥምት የሚያህል አጥንት አቅፎ ነበር።

«ታማሚያችሁ ከጤነኞቹ ሁሉ ይበላል» አሉ አንበሳ፤ እንደዚያ ሲስቁም ታይተው አያውቁም። ወዲያውም ከጫካቸው የሚያስፈልገውን ያህል ወይራ እንዲቆረጥ ፈቀዱ። ለዳሱም ሣር ሰጡ። ቀበሮ እጅ ነሣ።

አያ ጅቦ ምስጋናውን ለማየት ብሎ ድንገት ተገላበጠ። አንደኛው እንጨት ከመካከሉ ቀጭ አለና ተሰበረ። አያ ጅቦም ከነአጥንቱ መሬት ወደቀ። ወንዙ ዳር ያለው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያልሳቀችው አህዪት ብቻ ናት። ወደ ቃሬዛው ሄዳ ስብራቱን አየች፤ ሁለተኛ አየች፤ ሦስተኛ አየች። ቀበሮ መጥቶ፣ ወይራ ተፈቅዶልን የለም ወይ፣ ምን ያሳስብሻል፣ ብሎ አጽናናት። ለአንድ ቃሬዛ እንጨት ቆርጦ፣ ልጥ ልጦ ለመጠላለፍ ግን ከግማሽ ቀን በላይ ይፈጃል።

ሳቁ ገና ሳያልቅ ጅግራ እየበረረች ደረሰች። ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። ሚዳቋ ከማለዳ ጀምሮ ምጥ ላይ እንደሆነች፣ ደምም እየፈሰሳት እንደሆነ፣ ጅግራ ራሷ ወርካው ሥር ሄዳ ቃሬዛውን እንዳጣችው ነገረቻቸው።

አህዪት ቀሪውን አልሰማችም። ሁለቱን ኮረብታዎች በሩጫ አቋረጠች። ከኋላዋ ከርከሮ ተከተላት። ሚዳቋን ያገኟት ከቁጥቋጦው ወጥታ ከገደሉ መንገድ መነሻ ላይ ነው፤ በእግሯ ልትወጣ ሞክራ ጉልበቷ ከድቷት ወድቃለች። አህዪት ተንበረከከች። ከርከሮ በአፍንጫው ደግፎ ጀርባዋ ላይ አስተኛት።

የአህያ ጀርባ ለእንዲህ ያለ ታማሚ አይሆንም። በእያንዳንዱ እርምጃ አጥንቱ የሚዳቋን ሆድ ይመታዋል። አህዪት ይህን ታውቃለች። ስትፈጥን ሚዳቋ ታቃስታለች፤ ስትዘገይ ደሙ ጎኗ ላይ ሲወርድ ይሰማታል። እንዴት እንደምትረግጥ ግራ ገባት። ገደሉ ወገብ ላይ ሲደርሱ ሚዳቋ አውርዱኝ አለች።

እዚያው፣ ዳሱ ይሠራበታል በተባለው ቦታ፣ ከሣሩ ላይ ወለደች። ግልገሏ በሕይወት ወጣ። ሚዳቋ አንገቷን አዙራ አየችው።

«ጠዋት ስትጠይቂኝ ጀምሮኝ ነበር» አለች። «ሁሉም ሲጠብቀው የከረመውን ቀን እኔ ላበላሽባቸው ነው ብዬ አፈርኩ።»

«እኔም ያወረድኩት አፍሬ ነው» አለች አህዪት።

ሚዳቋ ግልገሏን አንድ ጊዜ ላሰችው። ሁለተኛ ልትልሰው አንገቷን አነሣች፤ ከዚያ ጭንቅላቷን ሣሩ ላይ አሳረፈችና በዚያው ቀረች።

ሌሎቹ እያለከለኩ ደረሱ፤ ያዩትንም አይተው ቆሙ። ሕጉ የሚጠብቀው በቃሬዛ ላይ የተኛን ብቻ ነው፤ ሚዳቋ ግን በቃሬዛ አልተኛችም። ስለዚህ አንዳንዶቹ አያ ጅቦን በዓይናቸው ይጠብቁት ጀመር። አያ ጅቦ ግን ጀርባውን ለሬሳው ሰጥቶ ወደ መንገዱ እያየ ተቀመጠ፤ የሚመጣውን ሁሉ ሊከለክል ነበር።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ዳሱ በሚዳቋ ስም ቢጠራ መልካም እንደሆነ፣ ጌታው አንበሳም ይህን ቢሰሙ ደስ እንደሚላቸው መናገር ጀመረ። ሁሉም ወደ ሬሳው ሲያዩ ግን ንግግሩን ከመካከሉ ተወው።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለ አያ ጅቦ፤ ፊቱን ሳያዞር ነው። «እኔ ደህና ነበርኩ፤ ለአራት ተሸከማችሁኝ። እርሷ ታማ ነበር፤ በእግሯ ሄደች። ለምን እንዲህ አደረግን?»

ከርከሮ ንዴት ይዞት፣ ቃሬዛውን የሰበርከው አንተ ሆዳም አይደለህም ወይ ብሎ ተነሣበት። አህዪት በመካከላቸው ገባች።

«ተወው» አለችው። «እርሱ የሰበረው የወረደውን ነው። ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

ጦጣ፣ እጄን ያወጣሁት እኔም ነኝ አለች። ከርከሮም እንዲሁ አለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ቀበሮ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ አውርጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ አላት። በዚያ ቀን ከአፉ የወጣ አጭር ንግግር ይህ ብቻ ነው።

ሚዳቋን ከመንገዱ ዳር ቀበሯት። ግልገሉ ግን ብርድ እያንቀጠቀጠው ነበር፤ የሚጠባውም ያስፈልገዋል። ያለ እናት የቀረን ማሳደግ የምታውቅበት ዝንጀሮዋ ናት። ለሚዳቋ የሚሆን ቃሬዛ ለመሥራት ግማሽ ቀን ያስፈልግ ነበር፤ ለግልገሏ ግን ሁለት ቀጫጭን ቅርንጫፍና አንድ እቅፍ ሣር በቃ። ጦጣ ቶሎ ጠላለፈችው። አህዪትና ከርከሮ ከፊት፣ አያ ጅቦና አያ ቀበሮ ከኋላ ሆነው አነሡት። ቀበሮ ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ትከሻውን ለሸክም ሲሰጥ የዚያን ዕለት መጀመሪያው ነው።

የቀረውን ገደል ቀስ ብለው ወጡት። ሸክሙ ምንም አይከብድም። አራቱም በትከሻቸው ላይ ክብደቱ ስላልተሰማቸው፣ በየጥቂቱ እርምጃ እየቆሙ ግልገሉ መኖሩን ያዩ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ለጭንቅ ቀን ያዘጋጀነውን ነገር በይሉኝታ ተሸንፈን ለደስታ ቀን ብናውለው፣ ጭንቁ ሳያስፈቅደን ሲመጣ ባዶ እጃችንን እንደሚያገኘን ነው።