የኃላፊው ማስነጠስ

ልጆቹ የሚማሩትን ራሳቸው የሚመርጡበት አንድ ትምህርት ቤት ነበር። የወረዳው የትምህርት ኃላፊ ይህን ሰምተው በንዴት ጦፉ፤ የማሸጊያ ወረቀትና ሙጫ የያዘ ሠራተኛ አስከትለውም ከተፍ አሉ።

«ተማር ብሎ የሚያዝ ከሌለ ይሄ ምኑን ትምህርት ቤት ሆነ? አሁኑኑ ይታሸጋል!» ብለው ሲጮኹ፣ ልጆቹ ሥዕል ከሚስሉበት ጠመኔ የተነሳው ብናኝ አፍንጫቸው ገባና መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ «እንጥሽ!» አሉ።

ልጆቹ ቀና ብለው አዩአቸውና ወደ ሥዕላቸው ተመለሱ።

«እንዴ! ይማርዎ የሚል እንኳ ይጥፋ? ምን ዓይነት ስድ አደጎች ናችሁ!»

አፏ የማያርፍ አንዲት ተማሪ ብድግ አለች። «ይቅርታ ጋሼ፣ እኛ ቤት ያለፍላጎቱ ማንንም ‹ይማር› አንልም። እርስዎ ይፈልጋሉ?»

«እፈልጋለሁ እንጂ!» ብለው አምባረቁ ኃላፊው።

ይሄኔ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ይማርዎ!» ሲሉ፣ ኃላፊው በለመደ አፋቸው «ያኑራችሁ!» ብለው መለሱ።

ልጅቷ ሳቋን እየታገለች ወደ ሠራተኛው ዞረች።

«ሰሙ አይደል? ኃላፊው በገዛ አፋቸው ያኑራችሁ ብለዋል፤ እንኖራለን። እንዳይደርቅብዎ ሙጫውን ይክደኑት።»