የፑንታ ሰራና ሳፋ ለምን ይመታል

በካሪቢያን ባሕር ዳር ፑንታ ሰራና የምትባል ከተማ አለች። ነጩን አሸዋዋን ሊረግጥ የሚጎርፈው እንግዳ ለቁጥር ያታክታል፤ ሆቴሎቿ ከዘንባባዎቹ በላይ አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል፤ አስጎብኚዎቹም ጎብኚውን ከኋላቸው አስከትለው በኮረብታው አናት ያለውን አሮጌ ምሽግና አፋቸው የዛገ መድፎችን ሲያሳዩ ይውላሉ። እንግዳውን ክው የሚያደርገው ግን ምሽጉም መድፉም አይደለም። ረፋዱ ላይ፣ የዓሣ ገበያው ሊበተን ሲል፣ ከሻጮቹ ሁሉ በዕድሜ የገፋችው ሴት ባዶ የመዳብ ሳፋ ገልብጣ ቂጡን በዱላ መምታት ትጀምራለች። ያን ጊዜ በዳርቻው ያለ የከተማው ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ወደ ኮረብታው ይወጣል። አስተናጋጁ የታዘዘውን ምግብ ጠረጴዛ ሳያደርስ፣ ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ፀጉር ግማሹን ጎንጉና ግማሹን እንደተንጨባረረ ትታ ይሄዳሉ። እንግዶቹ ትርኢት መስሏቸው ያጨበጭባሉ፤ ምግቡ የዘገየበት ደግሞ ይቆጣል። አስጎብኚዎቹ ምክንያቱን ሲጠየቁ ስለ ተቀበረ ወርቅ የሌለ ወሬ ይቀባጥራሉ። ሽማግሌዎቹ በሚነግሩት ታሪክ ውስጥ ግን ወርቅ የሚባል ነገር የለም።

እንደሚነገረው ከሆነ፣ ከተማዋ ሆቴል ቀርቶ አንድ እንኳ የድንጋይ ቤት ባልነበራት ዘመን፣ ካሲልዳ የምትባል ዓሣ ሻጭ ነበረች። እናትና አባቷ በወረርሽኝ ስላለቁ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ቶማሳ ናት ይባላል። ካሲልዳ በየማለዳው ሳፋዋን ተሸክማ ከቤቶቹ በላይ ወዳለው የኮረብታው አናት ትወጣና ባሕሩን ትጠብቃለች፤ የአጥማጆቹ ጀልባዎች ብቅ ሲሉም የትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት እንደ መለከት ትነፋለች። ሰዉ ይህን ሲሰማ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ወደ አሸዋው ይወርዳል፤ እሷም ወርዳ ከጀልባዎቹ የተረከበችውን ትሸጣለች። ዓሣው ሲያልቅ ደግሞ፣ የዘገየው በከንቱ እንዳይደክም ብላ፣ ሳፋዋን ገልብጣ ትመታለች፤ የሰማው ሁሉ ከደረሰበት ይመለሳል። ሲመለስም አፉን ዘግቶ አይደለም፤ የፑንታ ሰራና ሰው ዓሣ ካለቀበት የሻጯን ሰባት ትውልድ እየጠራ ይሰድባል።

ሳፋው የማይመለከታት ቶማሳ ብቻ ነበረች። ካሲልዳ ከመጀመሪያው ጀልባ ላይ ወፈር ያለውን አንድ ዓሣ መርጣ፣ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልላ፣ ለእህቷ ታስቀምጥላት ነበር። በዚህም ሌላው እያጉረመረመ ሲመለስ ቶማሳ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ እየሳቀች ትወርዳለች።

«አንቺን የወለደ ምነው እኔንም በወለደኝ!» ይሏታል ጎረቤቶቿ።

«አርፋችሁ በማለዳ ተነሡ!» ትላቸዋለች፤ እሷ ራሷ ግን በማለዳ ተነሥታ አታውቅም። ካሲልዳ ይህን ስታይ ደስ ይላታል። ያሳደገቻትን እህት በቀን አንድ ዓሣ የምትክሳት ይመስላት ነበር።

በዚያ ዘመን የባሕር ወንበዴዎች ከደሴት ደሴት እየዞሩ ሰው እየለቀሙ በባርነት ይሸጡ ነበርና፣ ነዋሪዎቹ ተሰብስበው የከተማውን አለቃ ዶን ፌርሚንን የማስጠንቀቂያ ደወል ያስመጡልን አሉት። ዶን ፌርሚን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልፋት የሚባል ነገር ግን አይወድም።

«ደወል ምን ያደርግልናል? ካሲልዳ በየቀኑ እዚያው ላይ አይደለችም እንዴ?» አለ። «ለዓሣ አንድ ረጅም፣ ለወንበዴ ሦስት አጭር ትንፋ። በቃ!»

«ሰዉ ይቆጥራል ብለው ነው?» አለች ካሲልዳ።

«ጆሮ ያለው ይቆጥራል» ብሎ ሳቀ፤ ሰዉም አብሮት ሳቀ። ነገሩ በእሑድ ጸሎት ላይ ተነገረ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ወዲያ ያስታወሰው የለም።

አንድ ዓመት ያህል አለፈ ይባላል። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ገና ፀሐይ እንደወጣች፣ ካሲልዳ የጀልባዎቹን መምጣት ስትጠብቅ ባሕሩ ውስጥ ካለ ሩቅ ቋጥኝ ጀርባ ሦስት የማታውቃቸው ጀልባዎች ሲወጡ አየች። የያዙት መረብ ሳይሆን ጎራዴ ነው። ሰዎቹ ድምፅ ሳያሰሙ አሸዋው ላይ ወረዱና እዚያው ከተገለበጡ አሮጌ ጀልባዎች ኋላ ተጋደሙ። ካሲልዳ ቅርፊቱን አንሥታ ሦስት ጊዜ በአጭር በአጭሩ ነፋች።

ከታች በሮች ተከፈቱ፤ ሰዎችም ቅርጫት አንጠልጥለው ወጡ።

ዓይኗን ማመን አቃታት። ደግማ ነፋች፤ ሦስት አጭር። ተጨማሪ በሮች ተከፈቱ። ደጋግማ ስትነፋ ሰዉ እርምጃውን አፈጠነ፤ ልጆች እየሮጡ ቀደሙ። ለካ መለከቱ በተደጋገመ ቁጥር ዓሣው የበዛ መስሏቸዋል! ዶን ፌርሚን ራሱ፣ ሦስት አጭር ብሎ ያዘዘው ሰው፣ ትልቅ ሳህን በብብቱ ይዞ ቁልቁል እየተጣደፈ ነው። ካሲልዳ ልታድናቸው በነፋች ቁጥር የምትሰድዳቸው ወደ ጎራዴው ነበር። «ተመለሱ!» ብላ ጮኸች፤ ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ጩኸቷን ከአፏ ነጥቆ ወደ ኋላዋ ወሰደው።

ያን ጊዜ ቅርፊቱን ወርውራ ሳፋዋን ገለበጠችና ባለ በሌለ ኃይሏ ትመታው ጀመር።

ሰዉ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። «ገና በጠዋቱ? ሳይጀመር ያለቀው ምን ዓይነት ዓሣ ነው?» አሉ። «ለማን ሸጠሽው፣ አንቺ ቀጣፊ!» የሚል ስድብ ከታች ወደ ላይ ተግተለተለ። እየተሳደቡም ፊታቸውን ወደ ኮረብታው አዞሩ። ልጆቹን እናቶቻቸው ጠርተው መለሷቸው። ለካሲልዳ የዚያን ዕለት ስድብ ከምርቃት በላይ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ የሚሳደበው ሁሉ የሚመለስ ነውና።

ከሚመለሰው ሕዝብ መሐል ግን አንዲት ሴት ብቻዋን ቁልቁል ትወርድ ነበር። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋለች፤ አትቸኩልም።

ካሲልዳ እህቷን ስታይ ሮጣ ልትደርስባት አሰበች። እጇ ገና ከመዘግየቱ ግን የሚወጡት ሰዎች ቆም ብለው ወደ ታች ዞሩ፤ «ይኸው፣ አላለቀም!» ያለም ነበር። ብታቆም ከተማው በሙሉ ይወርዳል። ስለዚህ መታች። እየመታች በነፋሱ ላይ ጮኸች፦

«ቶማሳ! ላንቺም አልቋል! ላንቺም አልቋል!»

ቶማሳ አልሰማችም። አሸዋው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ በኮረብታው አናት ላለችው እህቷ እጇን አውለበለበችላት። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ከጀልባዎቹ ጀርባ ተነሡ።

ሰዉ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ሁሉም ኮረብታውን ወጥቶ በዚያ ማዶ ወዳለው ጫካ ሸሸ። ወንበዴዎቹ ቤቶቹን አቃጠሉ፤ ከሰው ግን ከቶማሳ በቀር ያገኙት አልነበረም። ዶን ፌርሚን ሳህኑን እንደያዘ አናቱ ላይ ሲደርስ ካሲልዳ ገና ሳፋውን እየመታች ነበር፤ ዱላውን ከእጇ ለማስለቀቅ ሁለት ሰው ፈጀ ይባላል።

«ሦስት አጭር ነፍተሽ ነበር?» አላት ፊቱ አመድ መስሎ።

«ነፍቻለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ። «ቆጥሬአለሁም። ዛሬ ዓሣው በዝቷል ብዬ ትልቁን ሳህን ያዝኩ።»

ቶማሳ የት እንደተሸጠች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ካሲልዳም ከዚያ ቀን በኋላ ቅርፊት አልነፋችም፤ ዓሣም ለማንም አላስቀመጠችም። ገበያው ባለቀ ቁጥር ግን አሸዋው ላይ ወርዳ፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ መልሳ፣ ሳፋዋን እየመታች ያንኑ «ላንቺም አልቋል!» እያለች ትጮኽ ነበር። ሰዉ ይህን ቆሞ ማየት ስላልቻለ ወደ ኮረብታው ይወጣላት ጀመር፤ አንድ ሰው ዳርቻው ላይ እስከቀረ ድረስ መምታቷን አታቆምምና።

ዛሬ በፑንታ ሰራና ዓሣ ሻጭ ለወለደቻት እናቷ እንኳ ዓሣ አታስቀምጥም፤ የሆቴል ወጥ ቤቶች ቢለምኑ ቢያባብሉ በጄ አትልም። የአሁኗ ሳፋ መቺ ጥርስ የሌላት አሮጊት ናት፤ ገበያው አጠገብ ሎሚ የምትቸረችር እህት አለቻት። ሕዝቡ ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ እህቲቱ ወገቧን ይዛ ከመቀመጫዋ ትነሣለች። አሮጊቷ ስሟን ጠርታ «ላንቺም አልቋል!» ትላታለች፤ እህቷ በአጠገቧ አልፋ ወደ ላይ ስትወጣ በዓይኗ እስክታይ ድረስም ዱላውን አታስቀምጥም።