አንድ ሲሉት አንድ የመለሰው ገመድ

አንድ ጠላቂ ነበረ። ሥራው ከሐይቅ ውስጥ የሰመጠ ሰው ማውጣት ነበር።

ቁጭ በል እንጂ! ጥያቄ ጠይቆ ቆሞ መልስ የሚጠብቅ የት አገር አየህ? «ጋሼ፣ ነገ የምገባው ዐሥራ ሁለት ሜትር ነው፤ ሐዘንተኛው ሁሉ ዐይኑን ተክሎብኝ ቢላ፣ ፊሽካ፣ ፊኛ፣ ትርፍ ባትሪ እንደ አጋሰስ ተጭኜ ልታይ? ሠላሳ ጊዜ ገብቼ ምን ነካኝ?» ነው ያልከው። እሺ። ምን እንደሚነካህ ልንገርህ።

ይህ ጠላቂ ከአንተ ይበልጥ ነበር። አትኩረፍ፣ ከእኔም ይበልጥ ነበር። በጀርባው የተሸከመውን አየር ቆጥቦ ይተነፍሳል፤ አይደነግጥም፤ ሲወጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ከራሱ አረፋ ቀድሞ ወደ ላይ የወጣበት ቀን የለም። ሐይቁ ነገ አንተ የምትገባበት ሐይቅ ነው። ዙሪያውን ገደል ነው፤ ነፋስ አይደርስበትም። ውሃው ከላይ አረንጓዴ ይመስልሃል፤ አምስት ሜትር ስትወርድ ይደፈርሳል፤ ዐሥር ላይ የገዛ እጅህን አታየውም። ከታች ደግሞ ሐይቁ ሲሞላ የዋጣቸው ዛፎች አሉ። ቅጠል የላቸውም፤ ግን እስካሁን ቆመዋል።

ገመዱን የምትይዘው ሚስቱ ነበረች። ሌላ ሰው አያምንም። አንደኛው ጫፍ ወገቡ ላይ፣ ሌላው በእጇ ነው። ቋንቋቸው አጭር ነበር፤ እሷ አንዴ ትስባለች፣ «ደህና ነህ?» ማለቷ ነው። እሱ አንዴ ይስባል፣ «ደህና ነኝ» ማለቱ ነው። ሦስት ጊዜ ከሳበች «አሁኑኑ ውጣ»፤ ሦስት ጊዜ ከሳበ «ድረሱልኝ»። የአገሩ ሰውም አንድ ደንብ ነበረው፤ ገመድ ውሃ ውስጥ እያለ አይለቀስም። መጀመሪያ ገመዱን የያዘው ሰው ሐሳብ እንዳይበተን ተብሎ ነው የወጣው፤ ኋላ ግን ሰዉ ራሱ ደንቡን መጣስ ይፈራ ጀመር። የሟች እናት እንኳ አፏን በነጠላዋ አፍና ትቀመጣለች። መቶ ሰው ተሰብስቦ የዝንብ ድምፅ ብቻ ትሰማለህ። እኔ ያን ጸጥታ ዛሬም አልወደውም።

አንድ ጊዜ የሰመጠው የአንድ ሽማግሌ ልጅ ነበር። ጠላቂው ቢላውን እግሩ ላይ ሲያስር ሽማግሌው አዩና «ልጄን በስለት ልትነካው ነው?» አሉት። ይህን ብቻ ነው ያሉት። እሱ ደግሞ ይሉኝታ የሚገድለው ሰው ነው። ቢላውን ፈቶ በጋቢው ጠቀለለና ሚስቱ ጉልበት ሥር አኖረው። ገባ፤ ልጁን አወጣ፤ ምንም አልሆነም።

በሚቀጥለው ፊሽካውን ተወው። ለቅሶ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ መታየት ምን ያሰኛል? ምንም አልሆነም። ከዚያ ፊኛውን ተወው፤ ያ ከታች ሆነህ የምትነፋው፣ ውሃው ላይ ብቅ ብሎ «እዚህ ነኝ» የሚልልህ። ቀይ ነዋ! ቀይ ለሐዘን አይሆንም አለ። ምንም አልሆነም። አብሮት የሚጠልቀው ጓደኛው ወባ ይዞት የተኛ ጊዜም «ሐዘንተኛ እንዴት ይጉላላል» ብሎ ብቻውን መግባት ጀመረ። ሚስቱ «ኧረ በፈጠረህ፣ ቢላውን እንኳ ያዝ» ብትለው ስቆ «እስከ ዛሬ ምን ሆንኩ?» አላት። ሰማህ? ያንተኑ ቃል ነው ያላት።

አንድ ረፋድ ላይ ጀልባ የተገለበጠባት ሴት ጠፍታ ጠሩት። ገመዱ ውሃ ገባ፤ ለቅሶው ቆመ። ሩብ ሰዓት ሲሆን ሚስቱ አንዴ ሳበች። አንዴ ተመለሰላት። ቆይታ ደግሞ ሳበች፤ ተመለሰላት። አየሩ የሚበቃው ለአርባ ደቂቃ እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ገመዱ እየመለሰላት ሰዓት ማን ያያል? አርባ ሞላ። ሳበች፤ መለሰ። አምሳ ሆነ። ሳበች፤ ለስለስ አድርጎ መለሰ።

አጠገቧ የተቀመጠች ለቀስተኛ ጠጋ ብላ «አረፋው የታለ?» አለቻት በሹክሹክታ።

ቀና ብላ አየች። ውሃው ላይ አንዲት አረፋ የለችም። ሦስት ጊዜ ሳበች፣ አሁኑኑ ውጣ። ገመዱ ሦስት ጊዜ መለሰላት። እንግዲህ ውጣ የተባለ ሰው ይወጣል እንጂ ቁጭ ብሎ ሦስት ጊዜ ይስባል? ወይስ ድረሱልኝ ማለቱ ነው? ያን ጊዜ ማንም ያላስተማራትን ነገር አደረገች። አምስት ጊዜ ሳበች። አምስት በእነሱ ቋንቋ ምንም ማለት አይደለም። ገመዱ አምስት ጊዜ መለሰላት። ሰባት ሳበች። ሰባት መለሰ።

«ማነው? ከታች ያለው ማነው?» ብላ ጮኸች። ገመድ ውሃ ውስጥ እያለ በዚያ ዳርቻ ሰው ሲጮኽ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ወባ ይዞት የተኛው ጓደኛው እኔ ነኝ። ቤቴ ቅርብ ነው፤ ጩኸቷን ሰምቼ ከነትኩሳቴ ሮጥኩ፤ ዕቃዬን ለብሼ ገባሁ። በዚህ እንዳትከተለኝ፤ ታሞ መግባትም አንዱ መሞቻ ነው። ገመዱን በእጄ እየተከተልኩ ወረድኩ። የወሰደኝ ግን ወደ እሱ አልነበረም። ወደ አንድ ዛፍ ነው። ቅርንጫፉ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። ቅርንጫፉን ውሃው አለስልሶታል፤ ከላይ ሲስቡት ጎንበስ ይላል፣ ሲለቁት ተመልሶ ቀና ይላል። ያን ሁሉ ጊዜ ስታወራ የነበረችው ከቅርንጫፉ ጋር ነው። ባትሪዬን ሳበራበት እንኳ እየሳበች ነበር፤ ጎንበስ፣ ቀና ሲል በዐይኔ አየሁት። የእግዚአብሔር ያለህ!

የቀረውን ገመድ ተከተልኩ፤ ባሏ ከቅርንጫፉ ወዲያ አራት ሜትር ላይ፣ ዓሣ አጥማጆች ጥለውት የሄዱት የናይለን መረብ ውስጥ ነበር። አብረውት የዓሣ አጥንቶች ተሰክተዋል፤ መረብ ባለቤቱ ቢተወውም መያዙን አይተውም። ገመዱን እንደጨበጠ ነው፤ መዳፉ ተልጧል። ሦስት ሦስት ጊዜ ሲስብ እንደነበር ገባኝ። የእሱን ስበት ቅርንጫፉ ወደ ላይ አላሳለፈለትም፤ ለእሱም እየመለሰለት ነበር። «ሰምታኛለች፣ አሁን ይደርሱልኛል» እያለ ሲጠብቅ ይሆናል አየሩ ያለቀው።

መረቡን በሁለት ምት ቆረጥኩት። በሁለት! በምን መሰለህ? በራሱ ቢላ። ልገባ ስል ከጋቢው ፈታ እጄ ላይ ያኖረችው እሷ ናት። አምሳ ደቂቃ ሙሉ ጉልበቷ ሥር ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ «ሠላሳ ጊዜ ገብቼ ምን ነካኝ» ያልከው ያ ቅርንጫፍ ነው። አንተ «ደህና ነኝ?» ብለህ ትስባለህ፤ ሐይቁ የገዛ ስበትህን ይመልስልሃል፤ አንተ ደግሞ መልስ አገኘሁ ብለህ አንድ ዕቃ ዳር ላይ ትተህ ትገባለህ። መልስ አላገኘህም። እሱም በሞተበት ቀን እስኪገባ ድረስ ምንም አልሆነም ነበር። ሐዘንተኛው ያየኛል አልክ? ይይህ! ሲያሻው ይማህ! ይሉኝታ መረብ አይቆርጥም።

አንዴ ሲስቡህ ሁለቴ መልስ ብዬ ሳስተምርህ «አንዱ ምን ነውር አለው?» ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ያን ደንብ ከዚያ ቀን በኋላ ያወጣችው ሚስቱ ናት። ዛፍ የሰጡትን ይመልሳል፤ በሰጡት ላይ አንድ ጨምሮ የሚመልስ በሕይወት ያለ ሰው ብቻ ነው።

ነገ ገመድህን የምትይዘው እትዬ ወደርየለሽ ናት። አዎ፣ እሷው ናት፤ ለሌላ አልሰጥም ብላለች። ቢላህን እግርህ ላይ ሳታይ ገመዱን አታነሳውም። ከዚያ አንዴ ትስብሃለች። አደራህን፣ ሁለቴ መልስላት።