ጣሪያና አሳማ

በኮሪያ አገር አንድ ገዢ ለልደቱ ድግስ ብሎ የአንዲት ባልቴት አንድ ለእናቱ የሆነ አሳማ አስነድቶ ወሰደ። በማግስቱ ደጁ ቆማ አቤት አለች። ገዢው በቻይና ፊደል ዕውቀቱ ጉራ መንዛት ይወድ ነበርና ብሩሽ አንስቶ አንድ ፊደል ጻፈ።

«ይህን ያላነበበ እኔ ፊት አይከራከርም» አላት።

ባልቴቷ ፊደል የቆጠረች አልነበረችም። ለድግሱ የመጡት እንግዶች ሳቁባት።

«ላይኛው ጣሪያ ነው፤ ከሥሩ ያለው አሳማ። አንድ ላይ ቤት ይባላሉ። አሳማ ያለበት ጣሪያ ቤት ነው ያሉት ሊቃውንት ናቸው፤ ሊቅ ደግሞ አይሳሳትም። በይ አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ» አላት ገዢው።

ባልቴቷ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አወለቀችና አዳራሹ ዘልቃ ቁጭ አለች።

«ደረስኩ፣ ጌታዬ» አለችው። «አሳማዬ ትናንት ያደረው እርስዎ ጣሪያ ሥር ነው። ምንጣፌን የት ላንጥፍ?»