አራት ከሃያ ያገኙት መምህር

አንድ ሽብሩ የሚባሉ የአዳሪ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። በሃያ አራት ዓመታቸው አንዲት ሻንጣ ይዘው ከገቡበት ግቢ ሳይወጡ ሃምሳ ዓመት ሞላቸው። የሚያስተምሩት ሒሳብ ነው፤ ሥራቸው ግን ክፍል ውስጥ አያበቃም ነበር። ልጅ ሲታመም ሐኪም ቤት የሚወስዱት፣ ከቤተሰብ ደብዳቤ የቀረበትን የሚያጽናኑት፣ ክኩ ሳይበስል ከቀረበ ከወጥ ቤቱ ጋር የሚጣሉት እሳቸው ናቸው። የሦስት መቶ ተማሪ ስም ከነአባቱ በቃላቸው ይዘዋል። በልመና ግን ግማሽ ነጥብ እንኳ አይጨምሩም። በዚህም ይኮሩ ነበር።

አንድ ዓመት፣ በምዝገባው የመጨረሻ ቀን፣ አንዲት እናት የልጇን እጅ ይዛ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። ልጅቷ ትርንጎ ትባላለች፤ ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ኩፍኝ ዓይኗን አጥፍቶታል። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረችው በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሲሆን እዚያ ከስምንተኛ በላይ የለም። ውጤቷ ከአብዛኞቹ አመልካቾች ይበልጣል።

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቷን አገላብጠው ካዩ በኋላ አጠገባቸው ወደተቀመጡት መምህር ሽብሩ ዞሩ። "እርስዎ ምን ይላሉ?"

መምህር ሽብሩ ቢያዝኑላትም ውሸት አይሆንላቸውም። "ልጄ፣ ትምህርቱ እንደማያቅትሽ ከውጤትሽ አይቻለሁ። ችግሩ ከእኛ ነው። አንቺ የምትጽፊው በብሬል ነው፤ በዚህ ግቢ ደግሞ ብሬል የሚያነብ አንድም ሰው የለም። ፈተናሽን ማን ያርመዋል?"

"ችግሩ ይኼ ብቻ ነው፣ ጋሼ?"

"ይኼ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው እኔ አስተምርዎታለሁ።"

እናትየው ደንግጣ የልጇን ክንድ ጎሸም አደረገች። ርዕሰ መምህሩ ሳቁ። መምህር ሽብሩ ግን አልሳቁም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የመለሰላቸው ተማሪ አልነበረም። "ይመዝግቧት" አሉ።

ወሬው ትምህርት ቢሮ ደረሰ። ኃላፊው ደስ አላላቸውም፤ ቢሆንም አንድ ሴሚስተር ፈቀዱ። የሒሳብ ፈተናውን ራሷ ሠርታ ካላለፈች ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ሲለቀቅ መምህሩና ተማሪዋ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጡ ጀመር። የብሬል ፊደል ወረቀቱን ከኋላ በሹል ብረት እየወጉ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ ከዚያ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ይዳሰሳል። ሃያ ስድስት ዓመት ጠመኔ የያዙት ጣቶች ነጥብ ከነጥብ መለየት አቃታቸው።

"በዓይኔ ባየውስ?" አሉ አንድ ቀን ተስፋ ቆርጠው።

"በዓይንም ይነበባል፣ ጋሼ። ግን እኔ የት ላይ እንደምሳሳት የሚገባዎት በጣትዎ ሲያነቡ ነው። ይጨፍኑ።"

ጨፈኑ።

በሦስተኛው ሳምንት ትርንጎ ሃያ ቃላት አጻፈቻቸው። ወረቀቱን ተቀብላ በጣቷ ሄደችበትና "አራት ከሃያ" አለች።

"ለድካሜ እንኳ አንድ ነጥብ አትጨምሪልኝም?"

"እርስዎ ይጨምራሉ?"

መምህር ሽብሩ ወረቀታቸውን ተቀብለው ተነሡ። ያን ዕለት ወደ ክፍላቸው ሲሄዱ ፊታቸው ፍም መስሎ ነበር። አፍረዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከትንሽ ልጅ እጅ ዝቅተኛ ውጤት መቀበል ምን እንደሚመስል ረስተውት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ከስሞቹ ሁሉ ግርጌ፣ በራሳቸው በመምህሩ የእጅ ጽሑፍ፣ "ሽብሩ፣ ብሬል፣ 4/20" ይላል። ግቢው ተተራመሰ። የሳቁም ነበሩ። ግን በዚያው ሳምንት፣ ውጤታቸውን ደብቀው ይኖሩ የነበሩ ሰባት ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው "ጋሼ፣ ይኼ አልገባኝም" እያሉ መጡ። ከዚያ በፊት ደፍሮ የመጣ አልነበረም።

የመምህሩ ውጤት ዘጠኝ ሆነ፤ ከዚያ አሥራ አራት። ለጂኦሜትሪ ደግሞ የትምህርት ቤቱን አናጢ ለምነው ጣውላ ላይ ሚስማር አስመቱ፤ በሚስማሮቹ ላይ ክር እየወጠሩ ሦስት ማዕዘኑንና ክቡን ትርንጎን በእጇ አስዳሰሷት። ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት ሰሌዳው ላይ "19/20" ሲለጠፍ የመመገቢያ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

የፈተናው ቀን ኃላፊው ራሳቸው መጡ። ብቻቸውን አልነበሩም፤ ብሬል የሚያነቡ አንድ ሽማግሌ መምህር አምጥተው ለማንም ሳይነግሩ ቢሮ አስቀምጠዋል። ትርንጎ ፈተናዋን ጨረሰች። መምህር ሽብሩ ወረቀቷን ጮክ ብለው አነበቡና አረሙ፤ ከመቶ ሰባ ስምንት። ከዚያ ኃላፊው ሽማግሌውን ጠርተው ያንኑ ወረቀት እንደገና አስነበቧቸው። ሽማግሌው ያነበቡት ከመምህሩ ንባብ አንዲት ቃል አልተለየም፤ የተሳሳተችውን ሁሉ መምህሩ ሳያስተካክሉ አንብበውታል።

ኃላፊው መምህሩን ወደ ጎን ወሰዷቸው። "እኔ ሽማግሌውን እንደማመጣ አያውቁም ነበር። ስህተቷን አስተካክለው ቢያነቡት ማን ያውቅብዎታል?"

"እሷ ታውቃለች" አሉ መምህር ሽብሩ። "እዚህ ድረስ የመጣችው ልናዝንላት አይደለም።"

ኃላፊው ኮፍያቸውን በአክብሮት አነሱላቸው። ትርንጎም በትምህርት ቤቱ ትምህርቷን ቀጠለች። ከእሷ በኋላ አሥራ አንድ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በዚያ በር ገቡ። እሷም ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ መምህራንን ብሬል የምታሠለጥን መምህርት ሆነች።

መምህር ሽብሩ ስድሳ ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ሲወጡ ግቢው በቀድሞ ተማሪዎቻቸው ተሞላ። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ ዳኛው ተራ በተራ እየተነሡ አመሰገኗቸው። ትርንጎ ተነሥታ "እኔ ከሁላችሁም እበልጣለሁ። እናንተ የእሳቸው ተማሪዎች ናችሁ፤ እኔ ግን አስተማሪያቸውም ነበርኩ" ስትል መምህር ሽብሩ ደረታቸውን ነፍተው፣ እንባቸውን ሳይደብቁ ሳቁ።

አዲስ የተሾመው ወጣት ርዕሰ መምህር ወደ እሳቸው ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳይሰለቹ ያስተማሩበትን ምስጢር ይንገሩኝ" አላቸው።

"አሁን አንተን የሚያስተምርህ ማነው?"

"እኔን? እኔማ ተምሬ ጨርሻለሁ።"

"እንግዲያው ቶሎ አንድ ፈልግ" አሉት ትከሻውን መታ መታ አድርገው። "ከልጆቹ መካከል አታጣም።"

ወዳጆቼ፣ ማወቅ ሰውን ያስከብራል። አለማወቅን በሰው ፊት አምኖ ለመማር መቀመጥ ግን ሌላውን ሁሉ ያደፋፍራል። ልጆች ከአስተማሪያቸው የሚወርሱት የሚያውቀውን ብቻ አይደለም፤ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው የሚያደርገውንም ነው። እርስዎስ፣ "ከእኔ በታች ነው" ከሚሉት ሰው ፊት ቁጭ ብለው የተማሩት መቼ ነበር?