ያልከበደችው ቤት

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ሶዶ ከተማ ውስጥ በርና መስኮት እየበየደ የሚኖር፣ እጁ ወርቅ የሆነ፣ አፉ ደግሞ ትንሽ ጉራ የማያጣው ሰው። ስሙን አልነግራችሁም። ከመካከላችሁ የሚያውቁት አሉ፤ እነሱም እባካችሁ ዝም ይበሉልኝ።

ይህ ሰው ምንታምር የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። አዋላጅ ነርስ ሆነችና ቆላ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ከተማዋ የሚከራይ ቤት የላትም። ልጅቱ ጤና ጣቢያው ዕቃ ክፍል ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ ታድራለች። ታዲያ አንድ ቀን ደወለችና፣ «አባዬ፣ ሥራውን ልለቅ ነው» አለችው።

«ለምን ልጄ?»

«ቤት የለማ» አለች።

«ቤት ከሌለ እኔ ቤት ይዤልሽ እመጣለሁ!» አለ አባት።

ጉራ መሰላችሁ? አልነበረም። የአሮጌ ተሳቢ ሻንሲ ከነጎማው ፈልጎ፣ በላዩ ላይ በላሜራ አንዲት ክፍል ቤት ሠራ። አልጋው ከፊት፣ መስኮቱ ከጎን፣ በሩ ከኋላ። በፒክአፑ ጎትቶ ሊያደርስላት ነው። እሷ ከሄደች በዚያች ከተማ ሌላ አዋላጅ የለም፤ እናቶቹ ምጥ ሲይዛቸው ማን ጋ ይሂዱ? ሰውየው ይህን ያውቃል።

ከሚስቱ ጋር የሚነሱበት ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ለምንታምር ባዶ ቤት ይላካል እንዴ? እማማ ቦጋለች አንድ ጆንያ ጎደሬ አሸክመው መጡ። አቶ ባሳ ዳጣ በርበሬ የሚፈጭበት ድንጋይ፣ ያውም ሁለት ሰው የሚያነሳውን፣ አመጣ። ቆጮው መጣ፣ በቆሎው መጣ፣ ከየቤቱ የማይመጣ የለም።

የሰውየው ሚስት ዘነበች፣ «ወደ ውስጥ አስገቡት እንጂ፣ አልጋው ሥር ሰፊ ቦታ አለ» ትላለች።

«ኧረ ልጄ፣ የኔ ምን አላት፣ በሩ ጋ ትሁን» አሉ እማማ ቦጋለች። አቶ ባሳም «እዚሁ ይበቃል፣ አዲስ ቤት በጭቃ ጫማ አልረግጥም» ብሎ ድንጋዩን ደፉ ላይ አስወረደ።

ታውቁን የለም? እኛ ሰው ቤት ስንሄድ የት ነው የምንቀመጠው? በር ላይ! «ኧረ ከፍ በሉ» ሲሉን «እዚህ ይመቸናል» እንላለን። ይኸው አሁን እንኳ በሩ ላይ የቆማችሁ አላችሁ፣ እዚህ ፊት ደግሞ ወንበሩ ባዶ ነው። ኑ፣ ግቡ! ... አይመጡም፣ ተዉአቸው። እንግዲህ የዚያ ሁሉ ሰው ፍቅር፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ በሩ ጋ ተከመረ።

ሰውየው ከመነሳቱ በፊት ዞር ብሎ ጋንቾውን አየ፤ ፒክአፑና ቤቷ የሚያያዙበትን ማለቴ ነው። የፒክአፑ ኋላ ዝቅ አላለም። እንዲያውም ከወትሮው ከፍ ብሏል። ደስ አለው። «አየሽ ዘነቡ? ይህን ሁሉ ጭነን አልከበደንም!» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ከሶዶ ወደ ሁምቦ መንገዱ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ላይ ትንሽ ፈጠን ሲል ቤቷ ከኋላ መወዛወዝ ጀመረች። አንዴ በግራ ስፖኪዮ ትታያለች፣ አንዴ በቀኝ። እሷ ስትወዛወዝ ፒክአፑንም ይዛው ትወዛወዛለች። ሰውየው ደንግጦ ፍሬኑን ረገጠ። ባሰ! ቤቷ ከኋላ ገፋችው፣ የፒክአፑ አፍንጫ ወደ ገደሉ ዞረ።

ዘነበች «ኢየሱስ!» ብላ ጮኸች። ቀጥላም፣ «ስትረግጠው ባሰ እኮ፣ እግርህን አንሳ!» አለችው።

አነሳ። ነዳጅም አልሰጠ፣ ፍሬንም አልያዘ፣ መሪውን ብቻ ቀጥ አድርጎ ጨበጠ። ቤቷ እየተወዛወዘች፣ እየተወዛወዘች፣ ደከማትና ተረጋጋች። ከዚያ ቀስ አድርጎ ዳር ላይ አቆመ። እሱ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ዘነበች ግን ወርዳ ለጎማው የድንጋይ ታኮ አደረገችና የቤቷን በር ከፈተች።

«አንተ ሰውዬ፣ ና እስቲ እየው! እዚህ ጋ ገበያ ነው፤ ወዲያ ፊት ለፊት ደግሞ ሰው የሌለበት ሜዳ!»

እሱም መጥቶ አየ። «ታዲያ መኪናዋን ምንም አልከበዳትም ነበር እኮ» አለ።

ዘነበች ሳቀችበት፤ ከድንጋጤዋም ሳቋ ያስለቅሳታል። «ምንታምርን ሳዝል ታስታውሳለህ? ወደ ታች ስትንሸራተትብኝ ወደ ኋላ ትጎትተኝና ታንገዳግደኝ ነበር። ወደ ላይ ስቤ፣ ጀርባዬ ላይ ጥብቅ ሳደርጋት፣ አቀበት እወጣባት ነበር። ቀለለችኝ እንዴ? ያቺው ልጅ ናት!»

ሁለቱም ተጋግዘው ጆንያውን ቤቷ ውስጥ ከጎማው ወደ ፊት፣ የዳጣውን ድንጋይ አልጋው ሥር አስገቡት። አሁን የፒክአፑ ኋላ ዝቅ አለ። ሰውየው ሰጋ። «ከበዳት እኮ ዘነቡ!»

«ይክበዳት! ሲከብዳት አይደል ይዛው የምትሄደው» አለች።

በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ እያሉ ወረዱ። ቤቷም ጭራዋን ሳትነቀንቅ ተከተለች።

ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ከተማው ሁሉ ወጥቶ ቤት ሲመጣ አየ። ሴቶቹ እልል አሉ። ምንታምር ወጣች፣ ቤቷን አየች፣ አባቷን አቀፈች። ግን ወገኖቼ፣ ፊቷ አልበራም። «አመሰግናለሁ አባዬ፣ ደህና ነኝ» አለች።

ያ ሰው ሌላ ቀን ቢሆን «ደህና ናት» ብሎ ቁልፉን ሰጥቷት ይመለስ ነበር። ልጄ ከብዳኝ አታውቅም እያለ ለሰው ሁሉ የሚያወራ አባት ነዋ! ያን ቀን ግን ከቁልቁለቱ የመጣ ሰው ነው። ደፉ ላይ ተቀመጠ፣ አጠገቡ አስቀመጣትና፣ «ምንታምርዬ፣ ምን ከብዶሻል?» አላት።

«ምንም።»

እሱም አልተነሳም። ልጅቱ መሬት መሬት ስታይ ቆየች። በመጨረሻ፣ «ቤቱ አይደለም አባዬ» አለች። «አንዲት እናት በእጄ ላይ አረፈችብኝ። ደም መቆም እምቢ አለ። ልጁ ተርፏል፣ በየሳምንቱ ለክትባት ሰፈሯን ስዞር አየዋለሁ። ለእናንተ ምን ብዬ ልንገራችሁ?» ብላ አለቀሰች።

አባት ብየዳ እንጂ ስብከት አያውቅም። ልጁን እቅፍ አድርጎ አብሯት አለቀሰ። ሌሊቱን እሱና ዘነበች እዚያው አደሩ፣ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን አልሄዱም። ምንታምርም ሥራዋን አልለቀቀችም። ዛሬም እዚያው ታዋልዳለች።

ወገኖቼ፣ ማን ነው ከእናንተ «ቤቴ አልከበደኝም» የሚል? ሚስቴ አታስቸግረኝም፣ ልጆቼ ጨዋ ናቸው፣ እናቴም ምንም ብላኝ አታውቅም እያልን አይደል የምንኖረው? ሸክም እንድንሸካከም የታዘዝን ሰዎች ነን እኮ! ካልከበዳችሁ ሸክሙ የለም ማለት አይደለም። ከናንተ ርቆ ተቀምጦ ይሆናል። አቀበት ላይ አይታወቅም፣ ሜዳ ላይም አይታወቅም። ቁልቁለት ሲመጣ ነው ጉዱ፤ ያኔ ደግሞ እኛ የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መጮህና ፍሬን መርገጥ።

እናንተ አባቶች፣ እወዳችኋለሁና አትቆጡኝ፦ ቤታችሁን የጎተታችሁበት ጉልበት አይጠፋንም። ግን መጎተት ብቻ አይበቃም። ልጆች፣ እናንተም እናትና አባታችሁን «ደህና ነን» ሲሉ አትመኑዋቸው፤ የኛ ሽማግሌዎች ሞት ደጃቸው ቢቆም እንኳ «ተመስገን» ነው የሚሉት።

ዛሬ ስትገቡ ምሳው ይቆይ። ከቤታችሁ አንዱን ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና «ምን ከብዶሃል? ምን ከብዶሻል?» በሉ። «ምንም» ይሏችኋል። አትነሡ። ሁለተኛውን መልስ ጠብቁ።