የስንሻው መዳፍ

ሞተሩ ተመለሰ፤ ስንሻው አልተመለሰም። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንደሆነ መንገር ነው።

ጊዜው ሐይቁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ይሞላ የነበረበት፣ የአያቶቻችን ጢም ገና ያልሸበተበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ሸንበቆ ደሴት ላይ ሰው ነበረ፤ የሚበቃ እህል ግን አልነበረም። ገበያው ያለው በወዲያ ዳር ነው። ወደ ገበያው የሚወስደው ውሃ መሐል ላይ ይጠባል። በግራ ቋጥኝ አለ። በቀኝ ቋጥኝ አለ። ሐይቁን የሚያቋርጠው የወንዝ ውሃ በመሐላቸው እየተጋፋ ያልፋል። ሰው ጉሮሮው ይለዋል። ጉሮሮው የዋጠው ታንኳ ብዙ ነው። እናት ልጇን ስትረግም እንኳ «ጉሮሮው ይብላህ» አትልም፤ ይደርስብኛል ብላ ትፈራለች።

ባላምባራስ ተገኘ የደሴቲቱ ሹም ነበሩ። ቆላ ካለ የጥጥ እርሻ፣ ውሃ ይስብ የነበረ ትንሽ የቤንዚን ሞተር አስመጡ። ትልቅ የእንጨት ጀልባ አሠርተው መሐሉ ላይ አስተከሉት። መሪውን ለአድማሴ ሰጡት።

አድማሴ ያን ጊዜ ጎልማሳ ነው። እናት አባቱን አያውቅም፤ በሰው ደጅ ነው ያደገው። የሰጡትን ሳይመርጥ መብላት፣ ያየውን ሳይናገር መያዝ ተምሯል። ሐይቁን ግን ያውቀዋል። ስለሚያውቀው ይፈራዋል።

ስንሻው ውሃ ጨላፊ ነበር። ጀልባው ውስጥ የገባውን ውሃ በቅል እየጨለፈ ይደፋል። ሌላ ሥራ የሚሰጠው አልነበረም፤ የቀጥቃጭ ልጅ ነዋ። ከየቀዬው ተባሮ፣ ከሚስቱ ከአንጓች ጋር መጥቶ፣ በደሴቲቱ ጫፍ ማንም በማያርሰው ድንጋይ ላይ ጎጆ ቀለሰ። ሰው ቡዳ ነው ይለዋል። ሲበሉ ፊታቸውን ያዞሩበታል። ሕፃን ሲያለቅስ ስሙን ያነሳሉ። ስንሻው ሰምቶ ዝም ይላል። አንጓች ግን ዝም አትልም። «ሰው የምንበላ ብንሆን እንዲህ እንከሳ ነበር?» ትላለች።

ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሳ ጥቁር ጭስ ተፋ። ሰው ደስ አለው። ጭስ የሞተር ጉልበት ይመስላቸው ነበር። ካርቡራተር የሚሉት፣ ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ወደ ሞተሩ የሚገቡበት ብረት አለ። ጎኑ ላይ ትንሽ ብሎን አለችው፤ ስትላላ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ስትጠብቅ ያንሳል። ባላምባራስ ብሎኗን አስላሏት። «አጉርሱት» አሉ። ጭሱ ባሰ። ሰው አጨበጨበ።

በመጀመሪያው የገበያ ጉዞ ጉሮሮው ውስጥ ሲገቡ ሞተሩ ተንተባተበ። ከዚያ ዝም አለ።

አድማሴ ያን ዝምታ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። መሪው በእጁ ላይ ላላ። የማይገፋ ጀልባ መሪ አይሰማም። የግራው ቋጥኝ መጣ። ወንዶቹ በእንጨት እየገፉ ቋጥኙን ተከላከሉ። ሴቶቹ የገበያ ዕቃቸውን አቀፉ። ባላምባራስ የሞተሩን ገመድ ሳቡ፣ ሳቡ፣ ሳቡ። አልተነሳም።

ስንሻው ቅሉን አስቀመጠ። «ታፍኗል» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም፣ ጌታዬ። ግን ታፍኗል። አባቴ ወናፍ ሲያስነፋኝ፣ ከሰሉ በዝቶ አየሩ ሲያንስ እሳቱ እንዲህ ያጨስ ነበር። ይኼ የቆላ ሞተር ነው። የደጋ አየር ስስ ነው። እዚያ የለመደውን ያህል እዚህ አይበላም።»

ባላምባራስ ቋጥኙን አዩት። ከዚያ ገለል አሉ። ስንሻው በቢላ ጫፍ ብሎኗን አጠበቀ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቶ ጥላሸቱን በኩታው ጠረገና መለሰው። ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አስነጠሰ። ተነሳ። ጭሱ ሳሳ፤ ድምፁም ጠራ።

ዳር ሲደርሱ ባላምባራስ ስንሻውን ጠሩት። «ከዛሬ ጀምሮ ሞተሩን ትይዛለህ። ግን ስማኝ። አንድ ቀን ጉሮሮው ውስጥ ቢቆም፣ አንተም ሚስትህም ከዚህ ደሴት ትወጣላችሁ።» ስንሻው እጅ ነሣ። አንጓች ስትሰማ ድንጋይ ለቅማ የተከለችውን ጎመን አየች። ሌላ የሚሄዱበት አገር አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲያ አድማሴ መሪውን ያዘ፤ ስንሻው ሞተሩን ያዘ። ገበያ በመጣ ቁጥር ጉሮሮው ጠበበ። ገበያ በመጣ ቁጥር አድማሴ መሪውን አጥብቆ ጨበጠ።

ሞተሩ አረጀ። የአየር መክደኛው ዝጎ ተሰበረ። ጠዋት በብርድ አልነሳ ሲል ስንሻው መዳፉን የአየር ማስገቢያው አፍ ላይ ያደርጋል። ጣቶቹን ጠበብ ያደርጋል፣ ከፈት ያደርጋል። ሞተሩ ሲሞቅ እጁን ያነሣል። የብሎኗም ጥርስ ተበልቶ ስለሚያላላት በሌላ እጁ ጣት ይጠብቃታል። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ይሰማል።

«ሞተሩ ምን አለህ?» ይሉታል ሲያላግጡበት።

«ዝም በሉ አለኝ» ይላል።

እማሆይ ወለተ ሃና የሚባሉ መነኩሲት ነበሩ። ደግ ናቸው፤ ግን ስንሻውን ይፈሩታል። እጁን ሞተሩ አፍ ላይ ሲያደርግ ባዩ ቁጥር ያማትባሉ። ዓይኑ ሞተሩን ይበላዋል፣ አንድ ቀን ጉሮሮው ውስጥ ይጥለናል ብለው አሰቡ። ስለዚህ አንድ የገበያ ማለዳ ሰው ሳያያቸው በቅል የያዙትን ጠበል ቤንዚኑ ውስጥ ጨመሩ። ለሕይወታችን ብለው ነው የጨመሩት።

አድማሴ መሪውን ያዘ፤ ስንሻው ሞተሩን ያዘ። መንገዱ ሰላም ነበር። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ታች ተኝቶ ይቆያል። ጉሮሮው አፍ ላይ ሲደርሱ ጀልባው ተናወጠ፤ የተኛውም ውሃ ተነሣ። ሞተሩ ሳል ያዘው። ስንሻው ብሎኗን ነካ፤ አልተሻለውም። መዳፉን አደረገ፤ ባሰበት።

«አድማሴ» አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «አሁን አታስገባኝ።»

አድማሴ መሪውን በሙሉ ጉልበቱ ገፋ። ጀልባው ዞረ። ሞተሩ ቆመ። የጀልባው አፍንጫ ከጉሮሮው በፊት ባለው ሸንበቆ ውስጥ ተሰካ። ውሃው ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል። ሸንበቆው አንድ አንድ እያለ ይበጠሳል። ሰው ሸንበቆውን በእጁ ጨብጦ ያዘ።

ስንሻው ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን መክፈቻ ፈታ። የወረደውን በመዳፉ ተቀበለው። ቤንዚኑ ሥር ጥርት ያለ የውሃ ጠብታ ይንከባለላል። ቀና አለ። እማሆይ ተቀምጠዋል፤ ባዶው ቅል ጭናቸው ላይ ነው። ስንሻው ቅሉን አየ። እማሆይንም አየ። ከዚያ ዓይኑን መለሰ፣ ውሃውን ደፋ፣ መክፈቻዋን ዘጋ፣ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ተነሣ።

አድማሴም አይቷል። ያየውን ያዘ።

ባላምባራስ ሰምተው ጠሩአቸው። «ቆመ አሉኝ።»

«ከጉሮሮው በፊት ነው» አለ አድማሴ።

«ለምን ቆመ?»

«ውሃ ገብቶበት ነው» አለ ስንሻው።

«ውሃ ከየት መጣ?»

«ሐይቅ ላይ ነን፣ ጌታዬ። ውሃ ከየት ይጠፋል?»

ባላምባራስ ሊስቁ ፈልገው ተዉት።

ክረምቱ ወጣ፣ ሰርጉ መጣ። ባላምባራስ ልጃቸውን ለወዲያ ዳር ሰው ዳሩ። ሙሽራዋን የሚሸኝ ሁሉ ጀልባው ላይ ወጣ። ከበሮ ወጣ። ጋን ሙሉ ጠላ ወጣ። በግ ሳይቀር ወጣ። አድማሴ የጀልባው ጠርዝ ከውሃው ጋር ሊስተካከል ትንሽ እንደቀረው አየ።

«ባላምባራስ፣ ሰው በዛ።»

«ሰርግ ላይ ሰው በዛ ይባላል?»

«እንግዲያስ ጉሮሮው ጋ ስንደርስ ዝም ይበሉልን። ስንሻው ሞተሩን መስማት አለበት።»

«ልጄን እየዳርኳት ነው እንጂ እየቀበርኳት አይደለም» አሉ። ሰው ሳቀ። ከበሮው ተመታ።

አድማሴ መሪውን ያዘ፤ ስንሻው ሞተሩን ያዘ።

ነፋስ ተነሣ። ጀልባው ሲያዘነብል ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚንም ያዘነብላል፤ አንዴ ሞተሩን ያጠግበዋል፣ አንዴ ያስርበዋል። ስንሻው ይህን የሚያውቀው በጆሮው ነበር። አሁን ጆሮው ላይ ያለው ከበሮ ነው። ጆሮው ላይ ያለው እልልታ ነው። ወደ አድማሴ ዞረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «አልሰማውም» ነው የሚለው። አድማሴ ዝም በሉ ብሎ ጮኸ። እነሱ የሚዘፍን መሰላቸውና ተቀበሉት።

ጉሮሮው ጠበበ። ያቺ ጥርሷ ያለቀ ብሎን ከቦታዋ ወጣች። ወለሉ ላይ ወድቃ ከሰው እግር ሥር ጠፋች። በቀዳዳዋ አየር ያለ ልክ ገባ። አየር የበዛበት፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ወደ ኋላ እሳት ይተፋል። ስንሻው ቀዳዳዋን በአውራ ጣቱ ደፈነ። የሌላውን እጁን መዳፍ የአየሩ አፍ ላይ አደረገ። ሞተሩ መዳፉ ውስጥ እሳት ተፋበት። እጁን አላነሣም።

ያን ያዩት እማሆይ ናቸው። መዳፉን አዩ። የቆዳውን ሽታ ሸተቱ። ምን እንደሚሉ አላወቁም፤ ቢሉም የሚሰማቸው አልነበረም። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ሙሽራዋን አዩዋት። ሙሽራዋ እሳቸውን አየች፣ ስንሻውን አየች፣ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። ሚዜዎቿ እሷን አዩ። ከበሮ መቺው እጁን አወረደ። እልልታው ተቆረጠ።

ያኔ ሞተሩ ሲያቃስት ሁሉም ሰማ። እስከዚያ ቀን ከስንሻው በቀር የሰማው አልነበረም።

ስንሻው ጆሮውን አዘነበለ። ጣቶቹን ትንሽ ከፈተ። ትንሽ መለሰ። ማቃሰቱ ቀነሰ። ድምፁ ጠራ። የግራው ቋጥኝ አለፈ። የቀኙ ቋጥኝ አለፈ። መውጫው ላይ ትልቁ ማዕበል ጀልባውን በጎኑ መታው። ሰው ሁሉ የሚይዘውን ያዘ። አንዱ ጠርዙን፣ አንዱ ጋኑን፣ አንዱ የጎረቤቱን ቀበቶ ያዘ። አድማሴ መሪውን ያዘ። ስንሻው የያዘው ሞተሩን ብቻ ነበር፤ በጣቱ ቀዳዳዋን፣ በመዳፉ አፉን። ሁለተኛው ማዕበል ከዚያ አንሥቶ ወሰደው።

ሞተሩ ጥቂት ሄደና ቆመ። ቋጥኞቹ ከኋላቸው ነበሩ።

ጀልባው ገና በያዘው ፍጥነት ይሄዳል፤ አድማሴ መሪውን ቢለቅ ወደ ቋጥኙ ይመለሳል። አልለቀቀም፤ ወንዶቹም ጀልባውን በእንጨት እየቀዘፉ ዳር አደረሱት። ማንም አልወቀሰውም። እሱም ስለዚህ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

በታንኳ ፈለጉት። አላገኙትም። ከለቅሶው በኋላ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። አንጓችን አስጠሩ። ከመሐላቸው አንዱ፣ «ሞተሩ ቆሟል። የተባለው ተብሏል። ሴትዮዋ ትውጣ» አለ።

«ከጉሮሮው ከወጣን በኋላ ነው የቆመው» አለ አድማሴ።

«አንተማ ወዳጁ ነህ።»

አንጓች መሬት መሬት ታያለች። ባላምባራስም መሬት መሬት ያያሉ።

እማሆይ ወለተ ሃና ተነሡ። «ከወጣን በኋላ ነው። እኔ አፌን ይዤ ዓይኔን ከፍቼ ነበር። ደግሞ ያንን ሸንበቆው ውስጥ የተሰካን ቀን፣ ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ የጨመርኩት እኔ ነኝ። አየኝ። አልተናገረብኝም። ዛሬ እኔ ዝም ብል በየትኛው አፌ እቆርባለሁ?»

ባላምባራስ ቀና ብለው፣ «ከወጣን በኋላ ነው» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ። አንጓችን የምትፈልጊው ምንድን ነው አሏት። «ለሞተሩ ደኅና ብሎን አድርጉለት» አለች። ሌላ አልጠየቀችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጀልባ ጉሮሮው አፍ ሲደርስ ሰው ሁሉ መዳፉን አፉ ላይ ያደርጋል፤ ጣቶቹንም ትንሽ ከፈት ያደርጋል። ሙሽራም ብትሆን ታደርጋለች። ቄስም ያደርጋል። ቋጥኞቹ ካላለፉ እልል አይባልም። ነገሩ ሳያልቅ የሚደሰት ሰው ሲያዩም፣ «ቆይ፣ ገና ጉሮሮው ውስጥ ነን» ይሉታል።

ባላምባራስ ሞቱ። እማሆይ ሞቱ። አድማሴም መሪውን ለሌላ ሰጥቶ ሞተ። አንጓች በደሴቲቱ ጫፍ፣ በዚያችው ጎጆ፣ ጎመኗን እየኮተኮተች ቀረች።